አባቴና እኔ መንገድ ዳር የገጠምነው ሙግት

መሐል ሜዳ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። በየዓመቱ አንድ ሳምንት የሚፈጅብኝ ምዕራፍ አለ፤ ስለ ክርክር ነው። ሰሌዳው ላይ «ክርክር ማለት አቋምን በምክንያት ማስደገፍ ነው» ብዬ እጽፍና ከሥሩ ሁለቴ አሰምርበታለሁ። ከዚያ ምሳሌ ስጡኝ እላለሁ። አንድ ዓመት አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «እናትና አባቴ በግ ሊሸጡ ሲሉ የሚያደርጉት» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ቆጣ ብዬ፣ «እሱ ጭቅጭቅ ነው» አልኳት። «ጭቅጭቅ ሌላ፣ ክርክር ሌላ። የሚጨቃጨቅ ሰው ማሸነፍ ይፈልጋል፤ የሚከራከር ሰው እውነቱን ማግኘት ይፈልጋል።» ልጅቷ ደብተሯ ላይ ገለበጠችው፤ ፈተና ላይም ልክ እንዳልኳት መልሳ ሙሉ ነጥብ ወሰደች።

ዘንድሮ እዚያው ምዕራፍ ላይ ስደርስ «ክርክር ማለት» ብዬ ጻፍኩና ጠመኔውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ልጆቹ እርስ በርስ ይተያዩ ጀመር። ከኋላ አንዱ «ቲቸር አሟት ነው» ሲል ሰማሁት። አላመመኝም። የሚቀጥለው ቃል ጠፍቶብኝ ነው። እስከዛሬም በቅጡ አላገኘሁትም፤ ያጠፉብኝ ደግሞ አባቴ ናቸው።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ከሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ ከሚመጣው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ ደብር ቅኔ ያስተምራሉ። እኔን ያሳደጉኝ በክርክር ነው ብል አላጋነንኩም። በቤታችን ዝም ብሎ መለመን ነውር ነበር። ጫማ ስፈልግ «ጫማ ይግዙልኝ» አልልም፤ «ሰበብሽን አቅርቢ» ስለሚሉኝ ሰበቤን ይዤ እቀርባለሁ። አንድ ጊዜ ለጥምቀት አዲስ ቀሚስ ፈልጌ ሦስት ምክንያት ደረደርኩ። ሁለቱን ገና ተናግሬ ሳልጨርስ አፈረሱብኝ። ሦስተኛው፣ አሮጌው ቀሚሴ አጥሮ ጉልበቴ እየታየ ነው የሚል ነበር። እሱን ሲሰሙ ጢማቸውን ዳበሱና «በዚህችስ ረታሽኝ» ብለው ገዙልኝ። ያንን ቀሚስ ለብሼ ስሄድ የተሾምኩ ነበር የመሰለኝ። እናቴ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ከድሮም አትወድም። «አሁን ልጅ ቀሚስ ብትጠይቅ እንደ ባላጋራ ይሟገቷታል?» ትላለች።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ በመጀመሪያው ዓመት ሎጂክ የሚባል ትምህርት ሰጡን። መነሻ ሐሳብ፣ መደምደሚያ፣ የተፋለሰ ምክንያት፤ ጓደኞቼ ሁሉ ሲያማርሩ እኔ ወደ ቤቴ የተመለስኩ መሰለኝ። አባቴ ስም ሳይሰጡ ያስተማሩኝ ነገር ሁሉ እዚያ ስም ነበረው። ከሁሉ የወደድኩት አንድ ደንብ ነው፦ የባላጋራህን ሐሳብ ከመምታትህ በፊት አጠንክረህ አቁምለት፤ የረሳውን እንኳ አስታውስለት፤ ከዚያ ከቻልክ ምታው። ደካማ ጎኑን ብቻ መርጦ መምታት የፈሪ ሥራ ነው። ይህንን ለትምህርት ቤታችን የክርክር ክበብ ልጆች ጠዋት ማታ እነግራቸዋለሁ። ኩራቴም ነበር፤ አሁን ያፈርኩበት ደግሞ እሱው ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት የአባቴን ዓይን ሞራ ይጋርደው ጀመር። ለማንም አልተናገሩም። ቅኔው በቃል ነው፤ ማኅሌቱም በልባቸው ስላለ ተማሪዎቻቸው እንኳ አላወቁባቸውም። የታወቀባቸው በወሩ የሚካኤል ማኅበር ላይ ነው። ባለተራው ቤት ሲገቡ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ነጭ ጋቢ የደብሩ አለቃ መሰላቸውና ጎንበስ ብለው «እንዴት አደሩ አባታችን» አሉት። ጋቢው ዝም አላቸው። ጮክ ብለው ደገሙለት። ያኔ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። አንዱ፣ «የኔታ፣ ኧረ ዓይንዎን ይታከሙት! ነገ ደግሞ በሬ ሊሳለሙ ነው» አላቸው። አባቴ ቀልድ የሚወዱት ራሳቸው ሲቀልዱ ነው። ቱግ አሉ። «ዓይኔን ብረት አይነካውም! ብያለሁ!» አሉ፣ ገና መቀመጫ ሳይዙ፣ በሰው ሁሉ ፊት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሉ ወጥቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዓይናቸው ያነሳባቸው ሰው የለም።

ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ የዓይን ሐኪሞች ከአዲስ አበባ መጥተው መሐል ሜዳ ላይ ያለ ክፍያ ሞራ እንደሚያነሡ በየቤተ ክርስቲያኑ ተነገረ። ሰኞ ይጀምራሉ፣ ዓርብ ይጨርሳሉ፤ ከዚያ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። እኔም የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ላይ ነበርኩ። እሑድ ማታ ከተከራየሁበት ቤት ወጥቼ ወላጆቼ ዘንድ ገባሁ። ያን ጊዜ አባቴ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠ ሰው ጥላው እንጂ ፊቱ አይታያቸውም ነበር። ስናገር ድምፄን ይከተሉና ከጆሮዬ አለፍ ብሎ ያለውን ግድግዳ ያያሉ። አምስት ቀን አለኝ፤ አምስት ቀን ደግሞ ለኔ ብዙ ነው አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ጀመርኩ። ሕክምናው ዛሬ ቀላል እንደሆነ፣ ስንት ሰው በሰው እጅ እየተመራ ገብቶ በዓይኑ እያየ እንደወጣ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። «የታችኛውን መንደር ገበሬ ረሳሽው?» አሉኝ። «ጥቂት በሚያይ ዓይን ሄዶ፣ ጭራሽ አጥፍቶት አልመጣም?» እውነት ነው፤ ከዓመታት በፊት ሌላ ቦታ ታክሞ አንድ ዓይኑ የጠፋበት ሰው ነበር። «እሱ አንድ ሰው ነው አባባ፤ አንድ ሰው ደግሞ ማስረጃ አይሆንም» አልኳቸው። «ላንቺ አንድ ሰው ነው፤ ለሱ ግን ዓይኑ ነው» አሉኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ብዬ በሆዴ አጉረመረምኩ።

ማክሰኞ ነገሩን ወደ እምነት ወሰዱት። «ጌታ ዕውሩን ያዳነው በጭቃ ነው፤ በምላጭ አይደለም» አሉ። «ያን ጊዜ በእጁ ያለው ጭቃ ነዋ!» አልኩ። ይህቺን ወደዷት፤ ከንፈራቸው ሲፈግግ አይቻለሁ። ግን አልተረቱም። ረቡዕ፣ «ማየት ያለብኝን አይቻለሁ፤ የቀረውን በልቤ ይዤዋለሁ» አሉ። ሐሙስ የማልወደውን አደረግሁ፤ ጮህኩ። ግትር፣ ዕብሪተኛ፣ ለሰው የማያስብ አልኳቸው። አባቴን! ከዚያ በሩን ወርውሬው ወጣሁ። ከኋላዬ ረጋ ባለ ድምፅ፣ «ይኼንን ደግሞ ለተማሪዎችሽ ምን ትዪዋለሽ?» ሲሉ ሰማኋቸው። ክፉኛ አፈርኩ። በራሴ ትርጉም እንኳ ብንሄድ ጭቅጭቅ ነበር።

ዓርብ ማለዳ ስነሣ አባቴ ለብሰው አገኘኋቸው። ጥምጣማቸው አዲስ ነው፤ ጋቢያቸው ታጥቧል። «ተነሽ» አሉኝ። «እኔና አንቺ ብቻችንን ስንጯጯህ ነገሩ አያልቅም። መንገድ እንውጣና ዳኛ ይፍረድ።»

በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ሁለት ሰው ነገር ሲገጥመው መንገድ ዳር ይወጣና መጀመሪያ የመጣውን አላፊ አግዳሚ ያስቆማል። የቆመው ሰው ማንም ይሁን ማን ዳኛ ነው፤ እንቢ ማለት አይችልም፤ የፈረደውም ይጸናል። አያቴ አንድ የድንበር ነገር በጉም ውስጥ ያልፍ የነበረ ነጋዴ አስቁመው ጨርሰዋል ሲባል ሰምቻለሁ። ግን ያ ድሮ ነው፤ ዛሬ ፍርድ ቤትም ቀበሌም አለ። ሳቅሁ። አባቴ አልሳቁም። «ዋስሽን ጥሪ» አሉኝ። የተረታው ወገን ፍርዱን እንዲፈጽም ዋስ ያስፈልጋል። «እማዬ ትሁነኝ» አልኩ። «የኔም እሷው ትሁን» አሉ። እናቴ ከጓዳ ሆና «እኔ ለሁለታችሁም ዋስ ነኝ፤ ብቻ ሂዱ፤ ፀሐዩ ሳይበረታ ሂዱ» አለች። ችኮላዋ ግር አለኝ፤ ግን ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

አባቴ ክንዴን ይዘው ወጣን። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ከማያውቀን፣ ከማያዳላ ሰው ፊት ከቆምን ነገሩ አለቀ። የትኛው ጤነኛ ሰው ነው ዕውርነት ይሻላል ብሎ የሚፈርድ?

መንገዱ ላይ ብዙ አልጠበቅንም። ከሞላሌ በኩል አንድ ሰው ጎማው የተነፈሰበትን ሞተር ሳይክል እየገፋ ብቅ አለ። ከሩቅ ላቡ ይታያል። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ የቆዳ ጃኬት ለብሷል። አባቴ የእግሩን ኮቴና የቸርኬውን ድምፅ ሰምተው ዱላቸውን አነሱና «በሕግ አምላክ ቁም!» አሉት። ሰውዬው ደንግጦ ቆመ። ግራ ቀኙን አየ። «ምን አጠፋሁ አባቴ?» አለ። «ምንም አላጠፋህም፤ ዳኛ ሁነን» አሉት። እኔ አፍሬ ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት፣ ሰውዬው ሞተሩን ከድንጋይ አስደግፎ ባርኔጣውን አወለቀና መንገዱ ዳር ያለ የድንጋይ ካብ ላይ ተቀመጠ። «አያቴ ይህንን ሲያወራ ነበር የምሰማው» አለ። «በሉ እንግዲህ፣ ተናገሩ። ጎሚስታው ሳይዘጋብኝ ብቻ።» ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አባቴ አንተ ያሉትን ሰው አንቱ አሉት።

መጀመሪያ እሳቸው ተናገሩ። እኔ የማውቃቸው አባቴ አልነበሩም። ድምፃቸው አልተነሣም፤ ምሳሌ የለ፣ ግዕዝ የለ። «ዳኛዬ፣ ልጄ ታከሙ ትለኛለች። እኔ ደግሞ ሸምግያለሁ፤ የሚበቃኝን አይቻለሁ፤ አልታከምም እላለሁ። በቃኝ» አሉና ዱላቸውን ተደገፉ። ያ ብቻ። የማክሰኞውን አላነሱም። የታችኛውን መንደር ገበሬ ጨርሶ አልጠሩትም፤ እኔ አራት ቀን መልስ ያጣሁለትን! ረሱት አልኩ። እርጅና መጣ ብዬ ሆዴ ባባ። ደግሞም ደነገጥኩ፤ እንዲህ ባለ ተራ ንግግር ላይ ተነሥቶ እሳቸውን መርታት ነውር መሰለኝ።

ስለዚህ እኔ አስተማሪዋ፣ «ዳኛዬ፣ አባቴ አንድ ነገር ረስተዋል፤ ከመመለሴ በፊት እኔው ልናገርላቸው» አልኩ። የገበሬውን ታሪክ ከራሳቸው አሳምሬ ነገርኩት። ጥቂት በሚያይ ዓይን እንደሄደ፣ እንዴት እንደጠፋበት፣ ሁሉንም። ሐኪም ቤት የሚገባ ሰው ሁሉ ይድናል ማለት እንደማይቻል ጨመርኩ፤ ለእውነት ስል። ስናገር አባቴ ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ። ግንባራቸው ተቋጠረ። «ተይ እንጂ» ያሉኝ መሰለኝ፤ ግን በደንብ አልሰማሁም፤ ሞቆኛል። ከዚያ ምክንያቴን አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። በሕይወቴ እንዲህ አምሮልኝ የተናገርኩበት ቀን የለም።

ዳኛው አገጩን ይዞ አሰበ። «አንድ ጥያቄ አለኝ እህቴ» አለኝ። «ታክመው ላይድኑ ይችላሉ?»

«ሊሆን ይችላል፤ ግን እኮ...»

«ብቻ መልሺልኝ። ያቺ የቀረቻቸው ጭላንጭል ብትጠፋ የሚመልስላቸው አለ?»

«የለም።»

ሰውዬው ከካቡ ተነሣ። «እንግዲህ ይህን አባቴ ራሳቸው ቢናገሩት አላምናቸውም ነበር፤ ፈርተው ነው እል ነበር። ግን ባላጋራቸው ራስሽ መሰከርሽላቸው። ዓይኑ የሳቸው ነው። ፈርጄላቸዋለሁ።» ባርኔጣውን አደረገ።

አባቴ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ከዚያ ደንቡን አልረሱም፤ ጎንበስ ብለው «እግዜር ይስጥልኝ ዳኛዬ» አሉ። ሰውዬው ሞተሩን እየገፋ ሄደ። ወዲያው አንድ ሚኒባስ ወደ መሐል ሜዳ ሲያልፍ ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ «ቦታ አለ!» አለን። እጄን አወዛውዤ አሳለፍኩት። አባቴ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ፊታቸውን ወደሄደበት እንዳዞሩ ቀሩ።

ስንመለስ በጣም አዝኜ ነበር፤ ግን ከሐዘኔ ሥር ትንሽ ኩራትም ነበረችብኝ። ይህንን ለመናገር አሁን ያሳፍረኛል። ተረትቻለሁ፤ ግን በክብር ተረትቻለሁ፤ እውነቱን ሳልደብቅ። እንዲያውም መንገድ ላይ ለአባቴ፣ «ቢያንስ ትክክለኛ ክርክር ነበር» አልኳቸው። ክንዴን የያዘው እጃቸው ከወትሮው ከበደኝ።

እናቴ ደጅ ላይ ቆማ ስታየን ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። «ምነው ተመለሳችሁ?» አለች። አባቴ አልፈዋት ገቡ። እኔ የሆነውን ነገርኳት። ረሱትና አስታወስኩላቸው ስላት አላስጨረሰችኝም።

«ረሱት? እሳቸው? ከሠላሳ ዓመት በፊት ለሰው የመለሱትን መልስ የሚደግሙ ሰው ረሱት?» በእጇ ወደ ቤት ጠቆመች። «ትናንት ማታ ጋቢያቸውን አሳጠቡኝ። ተማሪዎቻቸውን ሁለት ሳምንት አሰናበቱ። ለእሑድ ማኅሌት ሌላ ሰው አዘጋጁ። የሚረታቸው ሰው ነበር የፈለጉት! በማኅበር ፊት ብያለሁ ያሉትን በምን ያፍርሱት? ዳኛ ፈረደብኝ ካሉ ግን የሚስቅባቸው የለም። አንቺ ልጅ፣ እየተረቱልሽ መርታት አቃተሽ?»

እዚያው ደጅ ላይ ቆሜ ከዳኛው ፊት የተባለውን ሁሉ እንደገና ሰማሁት፤ አጭሩን ንግግራቸውን፣ የተቋጠረውን ግንባራቸውን፣ «ተይ እንጂ» ያሉኝን። እውነቱን ለማግኘት ነው የተከራከርኩት፤ እውነቱ ደግሞ ከጎኔ ክንዴን ይዞ ቆሞ ነበር። ግን እኔን ከሰሱኝ? ወይስ እንድረታቸው ላኩኝ? አባት ልጁን ባላጋራዬ ሁኚና አሸንፊኝ ሲል፣ ይህ ምን ይባላል? ምንም ስም አላገኘሁለትም። ሰዓቱ ግን እየሄደ ነው፤ ሐኪሞቹ ማታ ይሄዳሉ።

ገባሁ። አባቴ መደቡ ላይ በተነጠፈ የሱፍ ባና ተቀምጠዋል፤ ጥምጣማቸውን አልፈቱም። ለመጀመሪያ ጊዜ እንዴት እንደምጀምር ጠፋብኝ። እንደለመድኩት በምክንያት ጀመርኩ። «ጎማው ተንፍሶበት የቆመ ሰው ምን ዳኛ ነው?» አልኳቸው።

«ጎማው ስለተነፈሰ አይደለም የቆመው፤ እኛ ነን ያቆምነው። ካቆምነው በኋላ ዳኛ ነው።»

«ታዲያ ይግባኝ እላለሁ።»

«ምን አዲስ ነገር አገኘሽና? ያለሽን ሁሉ ተናግረሻል። የኔንም ጭምር።»

እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። «አባባ፣ ምክንያት የለኝም» አልኩ። «እንዲያዩኝ ነው የምፈልገው። ስናገር ግድግዳውን ነው የሚያዩት። ቢጠፋብዎትስ ብዬ እኔም ፈርቻለሁ፤ ከእርስዎ ይልቅ እኔ ፈርቻለሁ። ግን እንዲያዩኝ እፈልጋለሁ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለኝም።» አለቀስኩ። ስለ ቀሚስ እንኳ እንዲህ አልቅሼ አላውቅም።

እጃቸው ራሴን ፈለገና አገኘው። «ይህ ሙግት ነው?» አሉኝ።

«አይደለም። ልመና ነው።»

እጃቸውን ከራሴ ሳያነሡ፣ «የረታሁት እኔ ነኝ?» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት።»

«ፍርዱ የኔ ነው?»

«የእርስዎ ነው።»

«የረታ ሰው ለተረታው ይተዋል። እኔም ለልጄ ስል ትቼዋለሁ» አሉና ተነሡ። «ዱላዬን አምጪ። ሚኒባሱ ያልፈናል።»

ይህንን ሰኞ ብለምናቸው ኖሮ እሺ ይሉኝ ነበር? ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ አላውቅም። ሰኞ ያልረቱትን ከየት አምጥተው ይተዉልኛል? ደግሞ ከመሬት ተነሥቼ ባለቅስ፣ «ሰበብሽን አቅርቢ» ይሉኝ ነበር። እንዲህ እያልኩ አስብና መሐል ላይ ይምታታብኛል።

መሐል ሜዳ ስንደርስ ሰዓቱ ገፍቶ ነበር፤ ሰልፉ አልቆ ዕቃ እየሰበሰቡ ነው። አንዲት ነርስ አባቴን አይታ አዘነችና መዝገቡን ገለጠች። ስማቸውን ጻፈች፤ ዕድሜያቸውን ጻፈች። ከዚያ የፈቃድ ቅጹን ይዛ፣ «አባቴ፣ አምነውበት ነው የመጡት?» አለቻቸው።

«አላመንኩም» አሏት። «ረትቼ ነው የመጣሁት።»

ነርሷ ብዕሯን አንሥታ ወደኔ ዞረች። «ምን ማለታቸው ነው?» አለችኝ። ልነግራት ሞከርኩ፤ ሁለት ዐረፍተ ነገር ሄጄ ተሳሰረብኝ። «ይፈርማሉ» አልኳት። ፈረሙ፤ ጊዜው ስለመሸ የግራ ዓይናቸውን ብቻ ሠሩላቸው።

በማግሥቱ ጠዋት የሐኪም ቤቱ ነርሶች ፋሻቸውን ሲፈቱላቸው ከአልጋው አጠገብ ቆሜ ነበር። የገበሬው ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፤ ገለጡት፤ እንባ አቀረረ፤ ጠረጉት። ግድግዳውን ሳይሆን እኔን አዩ። በጣም ረጅም ጊዜ አዩኝ። «ሸብተሻል እንዴ?» አሉኝ። ለሁለት ዓመት ማንም ያልነገረኝን ነው የነገሩኝ። እዚያው ኮሪደር ወጥቼ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ።

ሁለት ወር ቆይቶ የማኅበሩ ተራ የኛ ቤት ደረሰ። እናቴን ላግዝ ሄጄ ነበር። ማኅበርተኛው ሞልቷል፤ ያ በሬ ይሳለማሉ ብሎ የቀለደውም ሰው አለ። ዳቦ ይዤ ስገባ ስለ አባቴ ዓይን እየተወራ ነበር። ሰውዬው፣ «የኔታ፣ ብረት አይነካውም ብለው አልነበረም?» ሲላቸው ደርሻለሁ። አባቴ በግራ ዓይናቸው ቀጥ ብለው አዩት።

«ብዬ ነበር» አሉ። «ምን ላድርግ፤ ልጄ ዳኛ ፊት አቁማ ረታችኝ።»

ቤቱ አጉረመረመ። የኔታን የረታ ሰው ታይቶ አይታወቅም። ዳቦውን አባቴ ፊት አስቀመጥኩ። ለነርሷ ረትቼ መጣሁ አሏት፤ ለነዚህ ተረታሁ ይሏቸዋል። እኔ ደግሞ ልጆችን እውነት የማስተምር ሰው ነኝ፤ ሐሰት ሲነገር ዝም ማለት አልለመድኩም። ግን ሐሰቱ የቱ ነው? ፍርዱ ለሳቸው ነው፤ ዓይናቸው የበራው በኔ ልመና ነው፤ መጀመሪያም ሊረቱ ነበር የወጡት። ከየት በኩል ብይዘው ልክ ነው፤ ከየት በኩል ብይዘው ልክ አይደለም።

ሰውዬው ወደኔ ዞረ። «እስቲ ንገሪን፤ የኔታን የሚያህል ሊቅ በምን ረታሽው?»

ሁሉም ወደኔ ዞረ። አባቴም ይጠብቁኝ ነበር፤ ፊቴን እያዩ። መንገድ ዳር «ተይ እንጂ» ያሉኝ ሰው እንደገና ፊቴ ተቀምጠዋል፤ እንደገና እንዳላበላሸው ይፈራሉ። ይህንን በዓይናቸው አየሁት፤ ያን ዕለት ግን ማየት የሚችል ሁለት ዓይን እያለኝ አላየሁባቸውም።

«አንድ ነገር ረስተውልኝ ነው» አልኩ።

አባቴ አንገታቸውን ደፍተው ዳቦውን ባረኩ።